በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ቤት እንግዛ ወይስ ዋጋው እስኪረጋ እንጠብቅ?

ሁለታችን · ማርች 14፣ 2009

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ይህን መድረክ ለብዙ ጊዜ ስናነብ ቆይተናል፤ ስንጽፍ ግን የመጀመሪያችን ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ተነጋግረን መስማማት ስላቃተን ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

እሷ ነርስ ናት፤ እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በአሌክሳንድሪያ ምዕራብ በኩል ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን እንኖራለን፤ ኪራዩ በወር 1,650 ዶላር ነው። ከእቁብ የደረሰንን ጨምሮ 31,000 ዶላር አጠራቅመናል። ዕዳ የለብንም። ልጅ ገና አልወለድንም፤ የባለቤቴ እናት ግን የጉዞ ወረቀታቸው ተሠርቶ ሲያልቅ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ይመጣሉ።

የምንመኘው ቤት አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። የእኔ መስመር በኪንግ ጎዳና ያልፋል። ንጋት ላይ ከባቡር ጣቢያው ተነሥቼ ወደ ወንዙ ስወርድ ግራና ቀኝ ያሉት የጡብ ቤቶች በመንገድ መብራት ይታዩኛል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1749 ነው፤ አሜሪካ ራሷ አገር ከመሆኗ በፊት ማለት ነው። እኔ ያደግሁት ቤት ከቤት ግድግዳ ተጋርቶ፣ ሰው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን «እንዴት አደርክ» በሚልበት ሰፈር ነው። በዚህ አገር ያንን የሚመስል ነገር ያገኘሁት እዚህ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ በኩዊን ጎዳና ዞራ፣ ስፋቷ 7 ጫማ ብቻ የሆነችውን በ1830 የተሠራች ሰማያዊ ቤት ሳታይ አትመለስም።

በደቡብ ምሥራቅ በኩል አንድ ቤት አይተናል። ምድርና አንድ ፎቅ ነው፤ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ጎን ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ባለፈው ዓመት በ549,000 ዶላር ቀርቦ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተቀንሶ አሁን 489,000 ደርሷል። ባለቤቴ «ይህን ያህል ከወረደ የእኛ ቀን ደረሰ ማለት ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ «ሁለት ጊዜ የወረደ ሦስተኛም ይወርዳል» እላለሁ። ሌማን ብራዘርስ ከተባለው ትልቅ ባንክ ውድቀት ወዲህ ማታ ማታ ዜና ባየሁ ቁጥር እጄ ይታሰራል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ኪራይ ይሻላል · ማርች 14፣ 2009

ወንድሜ፣ ጠብቅ። ምክንያቴን በቁጥር ላስረዳህ። በፌዴራል መንግሥቱ ዋስትና በሚሰጠው የኤፍ ኤች ኤ ብድር 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ብታቀርቡ ለዚህ ቤት 17,115 ዶላር ትከፍላላችሁ። ዋጋው ከዛሬ 5 በመቶ ብቻ ቢወርድ ቤቱ 24,450 ዶላር ያጣል። ቅድመ ክፍያችሁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ቤቱ ከሚያወጣው በላይ ባለ ዕዳ ሆናችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዳችሁ ሥራ ብታጡ ሸጣችሁ መውጣት አትችሉም፤ ለመሸጥ ከኪሳችሁ መጨመር ይኖርባችኋል።

ወርሃዊውንም አስሉት። በ5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብትበደሩ፣ ታክሱና ኢንሹራንሱ ሲጨመር ከ3,200 ዶላር በላይ ነው። አሁን የምትከፍሉት ግማሹን ነው። ልዩነቱን ለሁለት ዓመት አስቀምጡት፤ ያኔ በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ትገዛላችሁ። ቤቶቹ 200 ዓመት ቆመዋል፤ ሁለት ዓመት ቢጨምሩ የትም አይሄዱም።

ነባር ነዋሪ · ማርች 15፣ 2009

ልጆቼ፣ እንኳን ወደ መድረኩ መጣችሁ። እኔ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የኪንግ ጎዳና የባቡር ጣቢያ በ1983 ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አሮጌ ቤት አይፈልግም ነበር፤ ሁሉም ወደ አዲሱ ሰፈር ይሸሽ ነበር።

አንድ ነገር ከመወሰናችሁ በፊት እወቁ። በአሮጌው ከተማ ቤት ስትገዙ ፊቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ታሪካዊ ክልሏን በሕግ የከለለችው በ1946 ነው፤ ከቻርልስተንና ከኒው ኦርሊንስ ቀጥሎ በአገሪቱ ሦስተኛዋ ናት። ከመንገድ የሚታይ መስኮት፣ በር ወይም የውጭ ግድግዳ ለመለወጥ የኪነ ሕንፃ ገምጋሚ ቦርዱ መፍቀድ አለበት። ውስጡን ግን አይነካባችሁም። ስለዚህ ቤት ስታዩ «ይህን መስኮት ማን ለወጠው? ፈቃዱ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ ያደረገው ነገር ቤቱን ተከትሎ ወደ እናንተ ይመጣል።

በተረፈ እንጠብቅ አንጠብቅ የሚለውን ጉዳይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔ የምጠይቃችሁ ስንት ዓመት ልትኖሩበት አስባችኋል የሚለውን ነው። ለሦስት ዓመት ከሆነ አትግዙ።

የጎንደሩ ግንበኛ · ማርች 15፣ 2009

ስለ ገበያው የሚያውቁት ይናገሩ፤ እኔ ስለ ግድግዳው ልናገር። ሥራዬ ግንበኝነት ነው። በዚህ ከተማ የአሮጌ ቤት ግድግዳ ስጠግን ዓመታት አስቆጥሬያለሁ።

የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው። እርስ በርሱ የተያያዘውም በኖራና በአሸዋ ቡኬት ነው እንጂ በስሚንቶ አይደለም። ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ቆርቁሮ ግንቡን ያሠራውም በኖራ ነው፤ ለዚህ ነው ይህ ሥራ ለእኔ እንግዳ ያልሆነው። ኖራ ይተነፍሳል። ዝናብ ወደ ግድግዳው የገባ እንደሆነ እርጥበቱ በጡቦቹ መካከል ባለው ኖራ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። አንድ ሰው መጥቶ «ላጠንክረው» ብሎ መገጣጠሚያውን በስሚንቶ ሲሞላው ያ በር ይዘጋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በጡቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክረምት ሲመጣ በረዶ ሆኖ ይነፋል፤ የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት ተሰንጥቆ ይረግፋል። ብዙ ሰው ጡቡ አረጀ ብሎ ያስባል። ጡቡ አላረጀም፤ ታፍኖ ነው።

ስለዚህ ቤቱን ስታዩ የቤት ቁልፋችሁን አውጥታችሁ በጡቦቹ መካከል ያለውን ቡኬት ቀስ ብላችሁ ጫር አድርጉት። ነጣ ብሎ የሚፈረፈር ከሆነ ኖራ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። ግራጫ ሆኖ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ስሚንቶ ነው። ምድር ቤት ውረዱና ከግድግዳው ግርጌ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ፈልጉ፤ ካለ ውሃ እየወጣ ነው። የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው፤ ግድግዳው ሲረጥብ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ያ ጫፍ ነው። በጠመዝማዣ (ካቻቪቴ) ወጋ አድርጉት። ሰተት ብሎ ከገባ በስብሷል። ምስጥም እዚያው ነው የሚጀምረው።

ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ኮከብ የሚመስል ብረት ካያችሁ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከውስጥ በዘንግ ታስሮ ግድግዳው ወደ ውጭ እንዳያጋድል የሚይዝ ነው። መኖሩ አያስፈራም፤ መቼና ለምን እንደ ገባ ግን ጠይቁ።

የፖቶማክ ልጅ · ማርች 16፣ 2009

ቤቱ ከወንዙ ስንት መንገድ ይርቃል? በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ የኪንግ ጎዳና ግርጌ ውሃ ውስጥ ነበር፤ ሰዎች በጀልባ ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ፖቶማክ እዚህ ጋ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ያለ አውሎ ነፋስም አንዳንድ ቀን መንገዱ ላይ ይወጣል። የጎርፍ ካርታውን ሳታዩ አትፈርሙ። ቤቱ በጎርፍ ክልል ከሆነ አበዳሪው የጎርፍ ኢንሹራንስ ያስገድዳችኋል፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም።

ሁለታችን · ማርች 17፣ 2009

ከልብ እናመሰግናለን። ግንበኛው ወንድማችን ያሉትን ባለቤቴ ወረቀት ላይ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋዋለች። ቤቱ ከወንዙ ሦስት መንገድ ይርቃል፤ ካርታውን ነገ እናያለን። ጋሼ ነባር ነዋሪ፣ ስንት ዓመት ልትኖሩ አስባችኋል ላሉት፣ ቢያንስ አሥር ዓመት ብለን ተስማምተናል። በሁለት ወር ውስጥ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

አንድ ጥያቄ አለን። የእቁቡ ገንዘብ 12,000 ዶላር ነው፤ በጥሬ ገንዘብ እጃችን ላይ አለ። ባንክ ስናስገባው ችግር ያመጣል?

ሂሳብ አዋቂ · ማርች 18፣ 2009

እህቴና ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ባንክ አስገቡት፤ ገንዘቡንም አትከፋፍሉት። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን ቆራርጦ ማስገባት ነው። ስንቱ ወገናችን በቅን ልቦና ይህን ስህተት ሲሠራ አይቼ አዝኛለሁ።

አበዳሪው የቅርብ ሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃችኋል። በዚያ ውስጥ ከደመወዝ ውጭ ትልቅ ገንዘብ ከታየ «ከየት መጣ?» ይላል። ስለ እቁብ ብታስረዱት የሚገባው አበዳሪ ጥቂት ነው። አሁን ካስገባችሁ ብድር እስክትጠይቁ ሁለት ወሩ ያልፋል። ቢሆንም የእቁቡን መዝገብ፣ በየወሩ የከፈላችሁበትን ማስረጃና የሰብሳቢውን ፊርማ አስቀምጡ።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ፣ በፌብሩዋሪ በጸደቀው ሕግ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው እስከ 8,000 ዶላር የታክስ ተመላሽ ያገኛል። ስሌቱ የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 8,000 ነው። የባልና ሚስት ገቢ ተደምሮ ከ150,000 ዶላር ካልበለጠ ሙሉውን ታገኛላችሁ። ያለፈው ዓመቱ 7,500 ዶላር በ15 ዓመት ተከፍሎ የሚመለስ ብድር ነበር፤ የዘንድሮው ግን ቤቱን ሦስት ዓመት ከኖራችሁበት አይመለስም። የቤቱ ርክክብ ከዲሴምበር 1 በፊት ማለቅ አለበት። ይህን የምነግራችሁ እንድትቸኩሉ አይደለም። ለ8,000 ዶላር ብሎ የ40,000 ዶላር ስህተት የሚሠራ ሰው አለ።

የማናሳስ እናት · ማርች 20፣ 2009

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። እኛ በ2005 ማናሳስ ውስጥ አዲስ ቤት ገዛን። ያበደረን ድርጅት ሰው «ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወለዱን ብቻ ትከፍላላችሁ፤ በኋላ በተሻለ ትቀይሩታላችሁ» አለን። ፈረምን። ወረቀቱን አላነበብነውም፤ ያስተረጎመልንም ሰው አልነበረም። ክፍያው ሲያድግ ለመቀየር ሄድን፤ ቤቱ ዕዳውን ስለማያህል እምቢ ተባልን። ባለፈው ዓመት ባንኩ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ እንድንሸጠው እስኪፈቅድ ሰባት ወር ጠበቅን። በጎዳናችን ላይ ከእኛ ጋር ስድስት ቤት ባዶ ሆኗል። ልጄ ትምህርት ቤት ቀየረ።

እህቴ፣ ቤት መግዛት ኃጢአት አይደለም። ግን ወለዱ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ካልሆነ እንዳትነኪው። በአንዳችሁ ደመወዝ ብቻ ስንት ወር መክፈል እንደምትችሉም ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። እኛ ይህን አልቆጠርንም።

ሁለታችን · ኤፕሪል 26፣ 2009

የማናሳስ እናት፣ የጻፉትን ባለቤቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። በዚያ ምሽት በእሷ ደመወዝ ብቻ ምን ያህል መክፈል እንደምንችል ቆጠርን። ለዚያ ቤት የሚበቃ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ልባችን ስላልቆረጠ ዋጋ አቀረብን። 455,000 አልን፤ 468,000 ላይ ተስማማን። በውሉ ውስጥ የምርመራ ቅድመ ሁኔታ አስገባን። መርማሪው ሲመጣ እኔም ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። የፊቱ ግድግዳ ኖራ ነበር። የኋላው ግን ከላይ እስከ ታች ስሚንቶ ነው፤ እንደተባለውም የጡቡ ፊት በእጄ ላይ ረገፈ። ምድር ቤት ወርደን ከአሥራ አንዱ አግዳሚ እንጨት አራቱን ጠመዝማዣው እንደ ቅቤ ገባባቸው። ፎቁ ላይ ያሉት ሁለት የፊት መስኮቶች ደግሞ ፕላስቲክ ሆነው ተገኙ፤ የቦርዱ ፈቃድ አልተገኘም።

ሻጩ «እንዳለ ነው የምሸጠው» አለ። ውሉን ሰርዘን መያዣችንን ተቀበልን። ለመርማሪው የከፈልነው ገንዘብ ቢቀርም አልጸጸተንም። ባለቤቴ ግን መኪና ውስጥ አለቀሰች። በልቧ የእናቷን አልጋ የት እንደምታደርግ ጨርሳ ነበር። በነገራችን ላይ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ እናቷ ቢመጡ እንዴት እንደሚወጡት ሁለታችንም አላሰብንም ነበር።

ኪራይ ይሻላል · ኤፕሪል 26፣ 2009

ውሉን መሰረዛችሁ ጥሩ ነው። እባካችሁ አሁን አርፋችሁ ጠብቁ። በዚህ ገበያ የሚቸኩለው ሻጭ እንጂ ገዢ አይደለም።

ነባር ነዋሪ · ኤፕሪል 27፣ 2009

ልጄ፣ አታልቅሺ፤ ያ ቤት የእናንተ አልነበረም።

ወደ ሰሜን ምዕራብ ተሻግራችሁ ፓርከር ግሬይን አይታችኋል? ብዙ ሰው አሮጌው ከተማ ሲል ወንዙ ዳር ያለውን ብቻ ያስባል። ፓርከር ግሬይ በዘር መለያየት ዘመን የጥቁር ሕዝብ ሰፈር ነበር። ስሙ የመጣው ጆን ፓርከርና ሣራ ግሬይ ከተባሉ ሁለት ርእሳነ መምህራን ነው። በ1984 ታሪካዊ ክልል ተብሎ የራሱ ገምጋሚ ቦርድ አለው። ቤቶቹ ያነሱ፣ ቀለል ያሉ፣ ብዙዎቹም የእንጨት ናቸው፤ ዋጋቸውም ያንሳል።

ይህን ከተማ ስትወዱ ሙሉውን ውደዱት። በዱክ ጎዳና አውቶቡስህ ስታልፍ ከ1828 እስከ 1836 የባሪያ ነጋዴዎቹ ፍራንክሊንና አርምፊልድ ሰዎችን ገዝተው ወደ ደቡብ ይልኩበት የነበረው ሕንፃ ቆሟል። በኩዊን ጎዳና ያለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በኦገስት 1939 አምስት ወጣት ጥቁሮች ገብተው መጽሐፍ አንሥተው በመቀመጣቸው የታሰሩበት ነው፤ ጠበቃቸው ሳሙኤል ታከር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ከተማዋ በፓርከር ግሬይ ለብቻቸው ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሠራች፤ ዛሬ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ሙዚየም ነው። እኛ ዘግይተን ብንመጣም ዛሬ ፈልገን የምንገባበትን በር የከፈቱት እነርሱ ናቸው። እዚያ ስትገዙ ጎረቤቶቻችሁ አያቶቻቸው በዚያው ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች መሆናቸውን አስታውሱ። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ ስለ ቤት ዋጋ ከዚያ በኋላ አውሩ።

ሁለታችን · ጁላይ 19፣ 2009

ዛሬ የምጽፈው እኔ ሚስቱ ነኝ።

ጋሼ፣ ምክርዎን ሰምተን ከሜይ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓርከር ግሬይን በእግራችን ዞርን። ዘጠኝ ቤት አየን። በሦስተኛው ሳምንት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብለው ጠየቁን። ቤት እንደምንፈልግ ነገርናቸው። ከእሳቸው ሁለት ቤት አልፎ ያሉት ጎረቤታቸው በክረምት አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ሌላ ግዛት ስለሚኖሩ ሊሸጡት ነው አሉን። ማስታወቂያ እንኳን አልወጣም ነበር።

የእንጨት ቤት ነው። ምድሩ ላይ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ትንሽ ክፍልና መታጠቢያ አለ፤ አሮጊቷ መጨረሻ ላይ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው እዚያ ነበር የሚተኙት። እንደገባሁ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ታየችኝ። ባለቤቴ ግን ምንም ሳይናገር ምድር ቤቱን፣ ጣሪያውን፣ አሸንዳውን ሲያይ አንድ ሰዓት ቆየ። ሲወጣ «አግዳሚዎቹ ደረቅ ናቸው» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቀለሙ በየቦታው ተልጧል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ጥንታዊ ነው፣ ባልቦላው ራሱ የሸክላ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። ልጆቹ 380,000 ጠይቀዋል። አበዳሪው «ቀለሙ ተልጦ እያለ ኤፍ ኤች ኤ አይቀበለውም» አለን። ሻጮቹ የሚያስቀቡበት ገንዘብ የላቸውም። መንገዱ እዚህ ላይ አለቀ?

ሂሳብ አዋቂ · ጁላይ 19፣ 2009

አላለቀም። አበዳሪው እውነቱን ነው፤ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለም ከተላጠ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት ተብሎ ስለሚታሰብ መስተካከል አለበት። ነገር ግን ኤፍ ኤች ኤ ራሱ 203 ኬ የሚባል ብድር አለው፤ የቤቱን ዋጋና የጥገናውን ወጪ በአንድ ላይ ያበድራል። ቀለል ያለው ዓይነት እስከ 35,000 ዶላር ጥገና ይፈቅዳል። ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ጣሪያ በዚያ ይገባሉ፤ የግድግዳና የመሠረት ሥራ ግን አይገባም፤ ስለዚህ አግዳሚዎቹ ደረቅ መሆናቸው የጠቀማችሁ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አበዳሪ አይሠራውም፤ የሚሠራውን ፈልጉ።

ኤፍ ኤች ኤ ገማቹ ከተስማማችሁበት በታች ቢገምት ያለ ቅጣት ከውሉ የምትወጡበት አንቀጽም አለው። ዋጋ በሚወርድበት ጊዜ ይህ አንቀጽ ወርቅ ነው፤ ውሉ ውስጥ መኖሩን አይታችሁ ፈርሙ። እርሳሱንም በራሳችሁ ወጪ ለማስመርመር አሥር ቀን ሕጉ ይሰጣችኋል። ልጅ ልትወልዱ ካሰባችሁ ያንን አሥር ቀን አትተዉት።

ኪራይ ይሻላል · ጁላይ 20፣ 2009

አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ዋጋ ከዚህም ሊወርድ ይችላል። እናንተን ስለማከብር ደግሜ እላለሁ። ሆኖም እህቴ፣ የመጀመሪያውን ቤት ስትፈልጉ የጻፋችሁትንና የዛሬውን ሳነብ ልዩነቱን አይቻለሁ። ያኔ ስለ ዋጋው ነበር የምትጽፉት። ወርሃዊው ስንት ይሆናል?

ሁለታችን · ጁላይ 20፣ 2009

ጥገናውን ጨምሮ ወደ 2,700 ዶላር ነው፤ ሁሉም ተደምሮ። በእኔ ደመወዝ ብቻ ቢሆን፣ ከቁጠባችን እየጨመርን አሥር ወር እንከፍላለን። ቆጥረነዋል። ነገ ዋጋው ቢወርድ እንደሚያመን አውቀነዋል፤ አሥር ዓመት እንድንኖርበት የሚያደርገን ቤት ግን ይኼ ነው። (ባልም ተስማምቷል። አጠገቤ ሆኖ «ጻፊው» እያለኝ ነው።)

ሁለታችን · ኦክቶበር 11፣ 2009

ለሁላችሁም የምሥራች። አርብ ዕለት ፈረምን።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ገማቹ 372,000 ብሎ ገመተው። እኛ ውሉን አናፈርስም፤ ከዚያ በላይ ግን የለንም ብለን ለሻጮቹ በቅንነት ጻፍን። ታላቂቱ ልጅ ስልክ ደውላ «እናቴ ቤቷን ባዶ ማየት አትወድም ነበር» አለችና በ372,000 ተስማማች። ጥገናው 28,000 ነው፤ ድምሩ 400,000 ሲሆን ቅድመ ክፍያችን 14,000 ሆነ። ከመዝጊያ ወጪው በኋላ በባንክ የቀረን ጥቂት ነው፤ የ8,000 ዶላሩ ተመላሽ ሲመጣ ሳንነካው ይቀመጣል። የእርሳስ ምርመራው በመስኮቶቹ ክፈፍ ላይ አግኝቶበታል፤ ሠራተኞቹ ወለሉን ሸፍነው በጥንቃቄ እየሠሩት ነው። መስኮቶቹን አልለወጥናቸውም፤ የድሮው እንጨት እየተጠገነ ነው፤ ቦርዱም ደስ ብሎታል።

ሁለት ቤት አልፈው ያሉት እናት ቁልፍ በተቀበልንበት ቀን ኬክ ጋግረው መጡ። እኛም ቡና አፈላንላቸው፤ እስከ ሦስተኛው ጠጡ።

የጎንደሩ ግንበኛ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቤቱ የእንጨት ቢሆንም የጭስ መውጫውና የጓሮው አጥር የጡብ ነው። በቁልፌ ጫር አደረግሁት፤ ኖራ ነው፤ ግን ብዙ ቦታ ላይ ተራግፎ ጣቴ ይገባበታል። ራሴ መሙላት እችላለሁ ወይስ እስከ ጸደይ ልተወው?

ነባር ነዋሪ · ኦክቶበር 11፣ 2009

ቤት ለእንቦሳ!

ሁለታችን · ኦክቶበር 11፣ 2009

እንቦሳ እሰሩ፣ ጋሼ። ወንበሩ ደጃፍ ላይ ወጥቶ ይጠብቅዎታል።

የጎንደሩ ግንበኛ · ኦክቶበር 12፣ 2009

እንኳን ደስ ያላችሁ። ለጸደይ አትተወው፤ የጭስ መውጫው ዘንድሮ ውሃ ካስገባ አዲሱ ጣሪያህ ምን ይጠቅምሃል? ግን ጊዜው ጠባብ ነው። ኖራ በቀስታ ነው የሚጠነክረው፤ ሳይደርቅ በረዶ ከመታው ይፈረካከሳል። ከኖቬምበር አጋማሽ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ስሚንቶ እንዳትገዛ፤ ሻጩ «ይሻልሃል» ቢልህም። ኖራውን እኔ አመጣለሁ። አሸዋው ሹልና የታጠበ ይሁን። አሮጌ ጆንያ አዘጋጁ፤ ከሞላነው በኋላ ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ እያረጠባችሁ ትሸፍኑታላችሁ፤ ማታ በሥራ ምክንያት የማትገኙ ከሆነ ሁለት ቤት አልፈው ያሉትን እናት ጠይቋቸው። መሰላል አለኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እደርሳለሁ።